ከማስረሻ ማተብ ላይ የበጠስኩት

ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር፣ መዛግ የጀመረ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ክዳኑን ስከፍተው ዛሬም የፕላስቲክና የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ይሸተኛል። ውስጡ ከአውራ ጣት የማይበልጡ አሥራ አራት ምስሎች አሉ፤ ሰይፍ የመዘዙ፣ ጋሻ ያነገቱ፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ ባለ ክንፍ። አንድም አልጎደለም። ምነው አንዱ በጎደለ ስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን በካርቶን የታጨቀ የእርዳታ መጽሐፍ መጣ። ከመጻሕፍቱ መሃል ሥዕል የበዛበት አንድ ሳጥን ተገኘ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከፍተው አገላበጡትና፣ የፈረንጅ ልጆች በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም እንዳለ፣ ይሄም ያንኑ ጌም ከቴሌቪዥን አውርደው በሰሌዳ ላይ እንዲጫወቱት የተሠራ መሆኑን ነገሩን። በመንደሩ ቴሌቪዥን ያየ ልጅ ስላልነበረ የገባን የሰሌዳው ነገር ብቻ ነው። ሳጥኑን «የፈረንጅ ገበጣ» አልነው፤ ምስሎቹን ድንክዬ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለሽልማት የሚሆን ደብተር ጠፋ። መምህሩ ቸግሯቸው ድንክዬዎቹን ለአሥራ አራት ተማሪዎች አንዳንድ አደሉ። ለእኔ ጎባጣው ደረሰኝ። ወዲያው ግን ጨዋታውን መበተናቸው ቆጫቸው መሰለኝ፣ አሥራ አራቱም አብረው የቆሙበትን የሳጥኑን ክዳን ከፍ አድርገው አሳዩንና፣ ክረምቱን ሁሉንም መልሶ ለሰበሰበ ልጅ በመስከረም ጨዋታውን እንደሚያስተምሩት ቃል ገቡ። ደንቡ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ያቺ ልጅ እኔ ካልሆንኩ አልኩ።

ዝናቡ ባባራ ቁጥር ጭቃውን እያቦካሁ ከቤት ቤት ዞርኩ። አንዱን በሽምብራ ቆሎ ለወጥኩ። አንዱን ሹሩባ ሠርቼ ተቀበልኩ። ሁለቱን ያገኘሁት አርብ ገበያ ላይ የሰው አህያ ስጠብቅ ውዬ ነው። አንደኛውን እግሩን ጥጃ አኝኮት ነበር፤ ባለቤቱ ጭራሽ ከጦር ሜዳ የመጣ ቁስለኛ ነው ብሎ ቆሎውን እጥፍ አስከፈለኝ። እናቴ ታየኝና «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትለኝ ነበር። እኔም ወርቅ አይደለም ፕላስቲክ ነው እላታለሁ፤ አፌ ያኔም አያርፍም ነበር። በሐምሌ መጨረሻ አሥራ ሦስት ሞሉልኝ።

አሥራ አራተኛው፣ ባለ ክንፉ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ቤት ነበር። የተሸለመችው ታናሽ እህታቸው ብትሆንም እትዬ ዘርፌ ገና ሲያዩት መልአክ ነው ብለው ወሰዱባት። ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ሦስተኛውን፣ ዓመት ያልሞላውን፣ ማስረሻ ብለውታል። መልአኩን በልጁ ማተብ ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን አሰሩለት። የነፍስ አባታቸው መስቀሉ ይበቃዋል ቢሏቸውም፣ ያን ሰሞን ማስረሻን ሳሉ ስለለቀቀው የሚሰሙ አልሆኑም። እኔ ቆሎ አቀረብኩ፤ ኋላ መልሼ እሰበስባቸዋለሁ ብዬ፣ ጎባጣውን ጨምሬ አምስት ድንክዬ ልስጥዎት አልኩ። እየሳቁ መልአክ በጎባጣ አይለወጥም አሉኝ።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ማስረሻን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። አናቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ጣቴን ጨብጦ ይስቃል። ማተቡ ጠብቆ አልፈታ ሲለኝ በጥርሴ በጠስኩት። መልአኩን አወጣሁ፣ መስቀሉን ትቼ ክሩን መልሼ ቋጠርኩት። ማተብ በጠሰ ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያውቃል። አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም፣ አውቅ ነበር።

እትዬ ዘርፌ ተመልሰው ልጁን ሲቀበሉኝ እጃቸው አንገቱ ላይ ቆመ። ወድቆ ይሆናል አልኩ። ጎንበስ ብለው ወለሉን መፈለግ ጀመሩ። እኔም አብሬ ጎነበስኩ። መልአኩ በቀሚሴ ጫፍ ተቋጥሮ ጉልበቴን ይመታኛል። የመደቡን ሥር ፈለጉ፣ ጭዱን በተኑ፣ የምድጃውን ዳር ሳይቀር ዳበሱ። አንዱን ጥግ ሲጨርሱ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። አላወቁብኝም ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ፍልሰታ ገባ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጾሞ ይቆርብ ነበር፣ እኔም ቆረብኩ። እትዬ ዘርፌ ማስረሻን ታቅፈው ከፊቴ ስለቆሙ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ያየሁት በልጁ ማጅራት ላይ ያለውን የራሴን ቋጠሮ ነው። በሳምንቱ ሳሉ ተመለሰበት። ወንዙ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያሻግር አልተገኘም። ጾሙ ሳይፈታ ማስረሻ ተቀበረ። እኔ የእትዬ ዘርፌን ለቅሶ ከአጥራችን ኋላ ሆኜ ሰማሁ፤ ደጃቸውን ግን አልረገጥኩም።

በመስከረም አሥራ አራቱን በጣሳ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል። ሰሌዳውና የደንቡ ወረቀት የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ጣሳውን ይዤ ተመለስኩ።

ከዓመታት በኋላ ደብረ ታቦር ነርስነት ስማር፣ በአንድ ጌም ቤት በር ሳልፍ ድንክዬዎቼን በቴሌቪዥኑ ላይ ሲሯሯጡ አየኋቸው። ጎባጣው አለ፣ ባለ ሰይፎቹ አሉ። ባለ ክንፉ ገና ብቅ እንዳለ በመጀመሪያው ምት ይወድቃል፤ ይነሣና ደግሞ ይወድቃል። የሚጫወቱት ልጆች ዞር ብለውም አያዩትም። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንዱ ልጅ ተራ የምጠብቅ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

ዛሬ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ማስረሻን የገደለው የሳንባ ምች እንደሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ያድነው እንደነበር፣ ፕላስቲክ እንደማያድንም እንደማይገድልም አውቃለሁ። ይህን ለራሴ ያልነገርኩበት ቀን የለም። አንድም ቀን አላጽናናኝም።

ባለፈው ዓመት እትዬ ዘርፌ ለደም ግፊት መመላለስ ጀመሩ። ከማስረሻ በኋላ ልጅ አልወለዱም። በአንዱ ቀጠሯቸው መልአኩን ከቤት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ያኔ የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ቤቱ ውስጥ አንቺና እሱ ብቻ ነበራችሁ» አሉኝ። «ማን ሊሆን ኖሯል?»

«ታዲያ ወለሉን ለምን ፈለጉ?»

«እኔ ምን ልፈልግ፣ ልጄ። ከቀሚስሽ ፈትተሽ ‹ይኸው አገኘሁት› እንድትይ ነዋ። እንዳታፍሪ ብዬ። ጥግ በቀየርኩ ቁጥር አሁን ትላለች እል ነበር።»

መልአኩን መዳፌ ላይ መልሰው አኖሩና ጣቶቼን አጥፈው አስጨበጡኝ።

«ለማን ላስረው?» አሉኝ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያኔ መንገድ የሚዘጋው ወንዙ ሲሞላ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ይጎድላል። አሁን በተኩሱ የተነሣ በበጋውም ተዘግቶ ይከርማል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚነግረን የለም፣ መድኃኒትም አይመጣም። እናቶች የሚያስሉ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ሽሮፑ አልቋል ስላቸው አይነሡም። ቀና ብለው ያዩኛል፣ የደበቅሁትን እንዳወጣ ጊዜ የሚሰጡኝ ይመስለኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ ባዶ መሆኑን የማውቀውን የታችኛውን መደርደሪያ እፈልጋለሁ።