የአባ ሙሳ ጎዳ ወይፈን

ባለፈው ሰሞን ባምባሲ ዘመዴ ቤት ሄጄ፣ አንድ ወጣት የከብት ሐኪም የጥጃ ቀንድ ገና ሲያቆጠቁጥ በጋለ ብረት ሲተኩስ ደረስኩ። የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። «ሲያድጉ እንዳይዋጉ ነው፣ አባቴ» አለኝ። እኔ ግን ብረት ሳይነካቸው ቀንድ የማያበቅሉ ከብቶች አውቅ ነበር፤ የአባ ሙሳን ከብቶች።

ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ዛፍ ላይ የተሰቀለው ብረት ሲደወል ሰው ሁሉ ወደ ማኅበሩ እርሻ ይወጣል። አባ ሙሳ ግን የአገሩ ሰው፣ ከበርታ ሕዝብ ነው፤ ቤቱም ከቀርከሃው ደን ወዲያ ነበር። ለእኛ እርሻ ትራክተር ግጦሹን ሲመነጥርበት ከብቶቹን አንድ በአንድ ሸጠ። የቀሩት ሁለት ያረጁ ላሞችና አንድ ወይፈን ናቸው። ሦስቱም ቀይ፣ እግራቸው አጭር፣ ሻኛቸው ትንሽ፤ ቀንድ በሚወጣበት ቦታ ጉብ ያለ ጠጉር ብቻ። ጎዳ የምንለው ዓይነት።

የእኛ ሰዎች ይስቁበት ነበር።

«አባ ሙሳ፣ ይኼ ወይፈን ነው ውርንጭላ? ቀንዱን የት ጥለኸው መጣህ?»

«አንተ ቀንድ ብላ፤ እኔ ሥጋ እበላለሁ» ይላል፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ።

እውነቱን ነው፤ በጋ እንኳ፣ በዚያ በደረቀ ሣር፣ ጀርባቸው ያብረቀርቅ ነበር። ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የሚሉት በሽታ ለእኛ የታደሉትን በሬዎች አጥንታቸውን እያወጣ ሲጨርስ፣ የእሱን አልነካም። ዓርብ ከስግደት በኋላ ከአባቴ ከይመር ጋር ማንጎ ሥር ተቀምጦ፣ በአማርኛው ወንዱን ከሴቱ እየቀላቀለ ሲያወራ ሰምቻለሁ። «አያቴ ከቶንጎ በኩል ብዙ ከብት ነዳ። ቆላ ላይ ዝንብ ሁሉን ጨረሰ። አንድ ላም ቀረ፣ ጎዳ። እነዚህ የእሱ ልጆች ናቸው።»

አንድ ቀን ቶንጎ የሚኖረው ወንድሙ ሞተና ለለቅሶ ሄደ። ላሞቹን ለሚስቱ ትቶ ወይፈኑን ወደ አባቴ አመጣው። «ይመር፣ እንደ ራስህ ከብት ያዝልኝ» አለ። ከዚህ ሌላ አላለም። ያ የመጨረሻው ወንድ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል ብሎም አላሰበ።

አባቴ እንደ ራሱ ከብት ያዘው። በእኛ አገር ኮርማ በቀንዱና በሻኛው ይመረጣል፤ ጎዳ ለዘር አይተውም። ለጎረቤት ወይፈን ቀጥቅጦ፣ አኮላሽቶ ለእርሻ ማድረስም ውለታ ነው። «ሲመለስ የሚያርስ በሬ ይጠብቀዋል» ብሎ ቀጥቃጭ ጠራ። ወይፈኑ ሲያጓራ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

አባ ሙሳ በሁለት ወሩ ማር በቅል ይዞ መጣ። አባቴ ፈገግ ብሎ በሬውን ጎትቶ አወጣለት። አባ ሙሳ ጀርባውን ዳበሰ፣ ጎኑን ዳበሰ፣ እጁ ወደ ታች ወረደና ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ይመር… ላሞቼ አርጅቷል። አንድ ቢወልድ ነው።»

አባቴ ገባው። «ምነው እጄን በቆረጠው!»

«ተው። ክፉ አላደረግህም። በአገርህ የሚደረገውን አደረግህ።» ቆይቶ ተነሣና ማሩን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «በሬው ይረስልህ» አለ።

ክረምቱ ሲወጣ ላሞቹን እየነዳ ወንድ ፍለጋ ወደ ቶንጎ ሄደ። ያግኝ አያግኝ አልሰማንም። ተመልሶም አልመጣ።

በሬው ዘጠኝ ክረምት አረሰልን። ገንዲ አልደፈረውም። ሲያረጅ ጎረቤት ቢላዋ ስሎ መጣ፤ አባቴ እምቢ ብሎ ጉድጓድ ቆፈረለት። «ይመር በሬ ቀበረ! ሰደቃው መቼ ነው?» እያሉ ሳቁበት። እሱ አፈሩን ይመልስ ነበር።

እስኪሞት ድረስ፣ ከአሶሳ ገበያ በተመለስኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ጎዳ አየህ?»

«የለም፣ አብዬ።»

«ሌላ ጊዜ እይ።»

አሁን እኔም ሸምግያለሁ፤ የምሸጠውም የምገዛውም ከብት የለኝም። አሶሳ ስገባ ግን ከብት ተራውን ሳልዞር አልመለስም። በዚያ ሁሉ ቀንድ መሃል ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ራስ ራሱን እያየሁ።