የሐሙስ ከሰዓት አሜሪካ

ኅዳር ዐሥራ አንድ ነበር ልበል? ሐሙስ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሺወርቅ በሳምንት ውስጥ የራሷ የምትለው ከሰዓት ያ ብቻ ነው፣ እሑዷ የቤተ ክርስቲያን ነው። ግን ዐሥራ አንድ ከሆነ ጾሙ ገና አልገባም ነበር፤ እሷ ደግሞ የዶሮ ነገር ከማንሳቷ በፊት ስታማትብ ወዳጇ መሳይ በዓይኑ አይቷል። እንግዲያው ዐሥራ ስምንት ነው። አሜሪካኖችም ያን ዕለት የምስጋና ቀናቸውን ያከብሩ ነበር። አዎ፣ ዐሥራ ስምንት ይሁን።

የሺወርቅን ሮም ኤስኲሊኖ ሰፈር የሚመላለስ ሐበሻ ሁሉ «እትዬ የሺ» ይላታል። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሮም ከገባች ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ ሲኞራ ማርያ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት ቤት እያደረች ትሠራለች። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ታስውጣቸዋለች፣ ሲያኮርፉ ታባብላቸዋለች። እንደ ብዙዎቹ የሮም የቤት ሠራተኞች ሐሙስ ከሰዓት ነፃ ናት። ሌሎቹ ፀጉራቸውን ይሠራሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ወይም እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። እሷ ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻ ውስጥ፣ ከፈረሰው ግንብ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በቲክቶክ ቀጥታ ገብታ አሜሪካን ትዳኛለች።

አሜሪካን ረግጣ አታውቅም። ይህን የሚያነሳባት ሰው አይጠፋም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሜሪካ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ይላል አንዱ።

«ጨረቃም ላይ አልወጣሁ። ስትሞላና ስትጎድል ግን ከዚህ ሆኜ አያለሁ።»

አሠራሯ ቀላል ነው። ከወዲያ የተለቀቀ አጭር ቪዲዮ ታሳይና ትፈርዳለች። ሰውዬው ውሻውን በሕፃን ጋሪ ሲገፋ ታሳይና፣ «ጋሪው አራት እግር አለው፣ ውሻው አራት እግር አለው። እዚህ የሚደክመው ባለሁለት እግሩ ብቻ ነው» ትላለች። ሴትዮዋ ባልዲ የሚያህል ኩባያ ይዛ ስትዞር፣ «ይኼ ኩባያ አይደለም፣ እንስራ ነው። እኛ እንስራ የምንሸከመው ቤት እስክንደርስ ነው፣ እሷ ቤት ደርሳም አላወረደችው» ትላለች። ጥቅምት ላይ የአሜሪካ መንግሥት ተዘጋ ተብሎ ዓለም ሲንጫጫ እሷ አልደነቃትም። «ሮም በየነሐሴው ትዘጋለች። ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ ጫማ ሰፊው ይዘጋል፣ የሲኞራዬ ሐኪም ባሕር ዳርቻ ወርዶ ሆዱን ለፀሐይ ይሰጣል። ዜና ያደረገው አለ?»

ሁለቱን ፓርቲዎች በስማቸው ጠርታ አታውቅም። ቀዮቹ «ቀይ ወጥ» ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ «አልጫ»። አልጫ መባሉ የከነከናቸው ደጋፊዎች ስሞታ አቀረቡ። «ሰማያዊ ወጥ ሠርታችሁ አሳዩኝና ስማችሁን እለውጣለሁ» አለች። እስካሁን ሠርቶ ያሳያት የለም።

ስልኩን የሚይዝላት መሳይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሯል፤ አሁን ከመናፈሻው ጀርባ ያለ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ ነው፣ በር ይጠብቃል፣ ደብዳቤ ያድላል። የሺወርቅ እጇን ሳታወናጭፍ መናገር ስለማትችል፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጣሊያን መኖር ይህን ያደርጋል፣ ስልኩን እሱ ይደግፍላታል። መነጽሯን አድርጋ መታየት ስለማትወድም ተመልካቾች የሚጽፉትን እሱ ያነብላታል። ስድብም ቢሆን ድምፁን ሳይለውጥ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ነው የሚያነበው።

ለምን ሁለቱን ወገን እኩል እንደምትሰድብ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ወንድሞች አሏት። አባታቸው ሲሞት ሙላው ዐሥር ዓመቱ፣ ኤልያስ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከእናታቸው ጋር ሆና ያሳደገቻቸውም ያስተማረቻቸውም እሷ ናት። ሙላው ቴክሳስ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ቀይ ወጥ ነው። ኤልያስ ሚኒሶታ ነርስ ነው፣ አልጫ ነው። አምና በምርጫው ሰሞን ሙላው ቀይ ኮፍያ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ የቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ ለጠፈ። ኤልያስ ከሥሩ አንድ ቃል ጻፈ። የትኛዋ ቃል እንደሆነች የሺወርቅ ለመሳይ እንኳ አልነገረችውም። በማግስቱ ሁለቱም ከቡድኑ ወጡ፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር ዘጋ። እሷ ብቻዋን ቀረች፤ ለራሷ «እንደምን አደራችሁ» እየላከች።

ይህ ዓመት አልፎታል። አሁን ደግሞ የሙላው ልጅ ጽዮን በጥር ልትዳር ነው። የሺወርቅ ሲኞራ ማርያን ሁለት ሳምንት የምትይዝላት ሰው አግኝታለች፣ ቪዛውም አለ። ሙላውን ግን «ወንድምህ ካልተጠራ እኔም የለሁበትም» ብላዋለች። ሙላው «እሱን ከምጠራ ሠርጉ ይቅር» አለ። ኤልያስ «ብጠራም አልሄድ» አለ። የጥሪ ካርዱ ከገና በፊት ይበተናል።

«ሽማግሌ ይግባ» ብሏት ነበር መሳይ። «እዚያው አሜሪካ ካህን አይጠፋም።»

«ሽማግሌ የሚገባው ጠብ መኖሩን ሲያምኑ ነው፣ መሳይዬ። እነዚህ ‹ተጣልተናል› አይሉም። ‹ወንድም የለኝም› ነው የሚሉት። ለሌለ ሰው ማን ያስታርቃል?»

መሳይም ኣብሰሎም የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነበረው፤ በአንድ ክፍል አራት ዓመት አድረው፣ በአንድ ማታ የፖለቲካ ክርክር ተለያዩ። የክርክሩን ርዕስ ዛሬ ቢጠይቁት በትክክል አያስታውሰውም። የኣብሰሎምን ሳል ግን ያስታውሳል፣ መጽሐፍ ሲገልጥ ጣቱን እንዴት እንደሚያርስም ያስታውሳል።

የሺወርቅ ታዲያ የራሷን መንገድ ጀምራ ነበር። ሽማግሌ ሁለት ጠበኞችን መጀመሪያ ለየብቻ ነው የሚሰማው፤ እሷም በየዓርቡ ለሁለቱም ትደውላለች። ሁለቱም «ቲክቶክ የሚባል አላይም» ብለው ይምላሉ። ከዚያ ሙላው ስለ ጎረቤቱ ሲያወራ፣ «ይኼ ሰው አልጫ ነው» ይላል። ኤልያስ ደግሞ ሆስፒታሉ ቢሮ ሲዘጋበት፣ «እንደ ነሐሴ ሮም» ብሎ ይስቃል። ከዚያ ከተመልካቾቿ መሃል ሐሙስ ሐሙስ የማይጠፉ ሁለት ስሞችን ለየች፤ አንዱ «ቡቺ»፣ ሌላው «ዝምተኛው»። ሙላው የተደበቀበት ቡቺ የድሮ ውሻቸው ስም ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቡቺ የሌለው ግቢ ስለማይገኝ ማንም አይጠረጥርም። ዝምተኛው ኤልያስ መሆኑን ያወቀችው አንድም ቀን ዝም ብሎ ስለማያውቅ ነው።

አስቂኙ ነገር ቡቺና ዝምተኛው ወዳጆች ሆነዋል። ቡቺ ሲቀልድ ዝምተኛው ይስቃል። ዝምተኛውን ሰው ሲሰድበው ቡቺ ይከላከልለታል። አንድ ሐሙስ ቡቺ ሲዘገይ ዝምተኛው፣ «ዛሬ ወዳጄ የት ጠፋ?» ብሎ ጽፏል። መሳይ ይህን ሲያነብላት የሺወርቅ ወደ ዛፎቹ ዞራ ብዙ ሳለች።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አላት በኋላ።

«ብነግራቸው ያፍሩና ሁለቱም ይጠፋሉ። ያፈረ ሰው ከተናደደ ሰው ይብሳል። የተናደደው ተመልሶ ሊሳደብ እንኳ ይመጣል።»

እና ያ ሐሙስ ደረሰ። ዐሥር ሰዓት ላይ፣ እነሱ ዘንድ ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ የሺወርቅ ቀጥታ ገባች። ያሳየችው ቪዲዮ አንዲት አሜሪካዊት ባለሙያ ለምስጋና ቀን ማዕድ የምትሰጠው ምክር ነበር። ቀዩ አጎት ከሰማያዊዋ አክስት ርቆ ይቀመጥ፣ ፖለቲካ ሲነሳ ስለ አየር ጠባይ አውሩ፣ ነገር ከከረረ ወጣ ብላችሁ ንፋስ ተቀበሉ ትላለች።

«ቫ ቤኔ፣ መልካም» አለች የሺወርቅ ቪዲዮው ሲያልቅ። «ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን የተማረች ናት። ጥፋቱ ያለው ወንበሩ ላይ አይደለም፣ ሳህኑ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሳህን ሰጥታችሁ ስታበቁ እንዴት አይጣላ? የራሱ ሳህን ያለው ሰው የራሱ ፓርቲ አለው። በአንድ ገበታ የሚበላ ግን እጁ ከእጅህ ጋር ይጋጫል፤ ‹ይቅርታ› ትለዋለህ፤ በቃ ተነጋገርክ። ቢያኮርፍም ይርበዋል። ጀርባውን ሰጥቶ መጉረስ የሚችል አለ?»

«‹በአልጫ በኩል ያለው እንጀራ ለምን ሁልጊዜ ይተርፋል› ይላል ቡቺ» ብሎ አነበበ መሳይ።

«ዝምተኛው ምን አለ?»

«‹ቀይ ወጥ የበላ ሁሉ ሌሊት ጨጓራውን ይዞ እኛ ጋ ስለሚመጣ ነው› ይላል።»

ሳቁ በልብ ምስልና በአበባ ስክሪኑን ሞላው። የሺወርቅ ግን አልሳቀችም። አማተበች።

«ዛሬ ጾም ነው፣ አውቃለሁ፤ አትጻፉብኝ። መብላት እንጂ ማውራት አያስገድፍም። እነሱ ዛሬ ያን ትልቅ ወፍ አርደዋል። ስንት ቦታ ይከፈላል? ማንም አያውቅም፤ በቢላ እንደ ዳቦ ይቆርጡታል። የእኛ ዶሮ ዐሥራ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። እሺ፣ እኔ ልጠይቃችሁ። አባት የሞተበት ቤት ፈረሰኛው የማን ነው?»

መልሱ ጎረፈ፤ መሳይ እየተከታተለ አነበበው። ለታላቁ ልጅ ነው። ለእናት ነው እንጂ። ለእንግዳ ይቀመጣል። አንዷ፣ በጾም ስለ ዶሮ የምታወሪ አንቺን ብሎ መካሪ፣ አለች። ከዚያ ቡቺ መጣ።

«‹በእኛ ቤት እናታችን አውጥታ ለብቻው አስቀመጠችው› ይላል። ‹ጧት ሲታይ የለም። ድመት በላው ተባለ።›»

የሺወርቅ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። እጆቿ እንዲህ ሲቀመጡ መሳይ አይቶ አያውቅም።

«ሌላስ?»

«ዝምተኛው ነው። ‹ድመት ድስት መልሳ አትከድንም።›»

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ የሌሎች ሰዎች አስተያየት ብቻ አለፈ፤ ስለ ዶሮ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ነጠላዋ ጥለት። መሳይ እሱን ዘለለው። ዓይኑ አንዱን ስም ይጠብቅ ነበር። ስሙ ሲመጣ ከዳዊት ደጋሚ ድምፁ ወጣ።

«‹የከደንኩት እኔ ነኝ› ይላል ቡቺ። ‹የበላውን እንዳይገርፉት ብዬ። እኔን ገረፉኝ፤ የበላው አልጋ ሥር ሆኖ ሲያለቅስ ነበር።›»

አንድ ትራም በአደባባዩ ጥግ እየተንጫጨ አለፈ። የሺወርቅ ስክሪኑን አላየችም፤ የመሳይን አፍ ነበር የምታየው።

«ዝምተኛው አንድ ቃል ጻፈ» አላት። «‹ሙላ?›»

«ቡቺስ?»

መሳይ ጠበቀ። ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አንሸራተተ። «ወጥቷል። ቀጥታው ላይ የለም።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ዝምተኛውም ወጣ» አለ።

የሺወርቅ ለተመልካቾቿ፣ «በሉ ደኅና ዋሉ፤ ሲኞራዬ እየጠበቁኝ ነው» አለች። ውሸት ነበር፤ ገና ሁለት ሰዓት ከግማሽ ነበራት። ስልኩን ከመሳይ እጅ ወስዳ መነጽሯን አጠለቀችና ሙላው ጋ ደወለች። ጆሮዋ ላይ ያዘችው፣ አወረደችው። ኤልያስ ጋ ደወለች። አወረደችው።

«ምን ሆነ?»

«የሙላው ተይዟል። የኤልያስም ተይዟል።»

«ምናልባት ሙላው ከሥራ ቦታ ተደውሎለት፣ ኤልያስ ደግሞ ከሆስፒታል...»

«አሎራ፣ እንግዲህ አንተ ደግሞ ማኅተም ካላየህ አታምንም።» እንደገና ሞከረች። የመጀመሪያውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሁለቱም እንደተያዙ ናቸው። «ዓመት ሙሉ ስደውል አንድ ቀን እንኳ በአንድ ጊዜ ተይዘውብኝ አያውቁም። የዘጉትን ቁጥር ከፍተውታል። ይቀጥሉ። ሁለት ደቂቃ ካወሩ ይሰዳደባሉ። ዐሥር ደቂቃ ካወሩ ያለቅሳሉ። ግማሽ ሰዓት ካወሩ እኔን ማማት ይጀምራሉ፤ ያኔ ታረቁ ማለት ነው።»

ሰዓቷን አየች። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል፤ ሞከረች፤ ተይዟል። ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሲሆን ተነሳች፤ የቀሚሷን ጀርባ አራገፈች፤ የቴክሳስ የጥር ብርድ ካፖርት ያስፈልገው እንደሆን መሳይን ጠየቀችው። መሳይ ቴክሳስ ጥር ላይ እንዴት እንደሆነ አያውቅም ነበር። «ታሪክ ብቻ ነዋ የተማርከው» አለችውና ወደ ፌርማታው ቀደመችው።

እየተከተላት አንድ ነገር ያሰላስል ነበር። ይህች ሴት ጾም ከያዘች የእንቁላልን ስም እንኳ አትጠራም። ያ የፈረሰኛ ጥያቄ አፏ ላይ የመጣላት ያን ዕለት ነው? ወይስ ዓመቱን ሙሉ፣ ወጡንም አልጫውንም፣ ውሻውንም ኩባያውንም ስታመጣ፣ እሱን እያቆየች ነበር? ደግሞስ የበላው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ወይ?

ትራሙ መጣ። አንዲት የባንግላዴሽ ሴት ሁለት ፌስታል ጎመን ይዛ ስትገባ የሺወርቅ አንዱን ፌስታል አነሳችላትና አብራ ወጣች።

«እትዬ የሺ» አላት መሳይ ከታች ሆኖ፣ «ያ ጥያቄ...»

በሩ ተዘጋ፤ ትራሙም ወደ ፖርታ ማጆሬ ታጠፈ።