ጭስ አልባው ምድጃዬ እንጅባራ ላይ ለምን ጨሰ?

ባሕር ዳር፣ ጠዋት

ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የተነሣሁት አንድ ምድጃ ለማየት ነው። «ለአንድ ምድጃ ይህን ያህል መንገድ ይኬዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ ባለቤቴም በር ላይ ቆማ ያንኑ ጠይቃኛለች። ብየዳ ቤት አለኝ፤ በርና መስኮት እየሠራሁ እኖራለሁ። ልቤ ያለው ግን ምድጃ ላይ ነው። ትንሽ ቦታ የሚይዝ፣ ትንሽ እንጨት የሚበላ፣ የማይጨስ የእንጨት ምድጃ ልሠራ ስቆርጥና ስቀጥል ስንት ላሜራ እንዳበላሸሁ እኔና ባለቤቴ ብቻ እናውቃለን።

ምድጃው ቁመቱ ከጉልበት በታች ነው። አንዱ የላሜራ በርሜል በሌላው ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በተነፋ አመድ ይጠቀጠቃል። የእሳቱ መንገድ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፉ ከመዳፍ አይሰፋም። አመዱ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዘው እሳቱ ጭሱንም ጭምር ያነደዋል፤ ጥቂት ቀጫጭን ፍልጥ አንድ ድስት ሽሮ ያበስላል። የምኮራበት ነገርም አለ፦ ውስጡ እየነደደ ጎኑን በእጅ ቢነኩት አያቃጥልም። መጥቶ ለሚያየው ሁሉ እጄን ጎኑ ላይ አሳርፌ ነው የማሳየው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንትያ ምድጃዎች ክረምት ላይ ሠርቼ አንዱን ዳንግላ ላለ ወዳጄ፣ ሌላውን እንጅባራ ለታላቅ እህቴ ለጥሩወርቅ ሰጠሁ። ጥሩወርቅ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማብሰያ ቤት ተከራይታ ለተማሪና ለቀን ሠራተኛ ሽሮና ድንች ወጥ ትሸጣለች። መብራቱ አንዴ መጥቶ አንዴ ይጠፋል፤ ከሰሉም ወደ አዲስ አበባ ስለሚጫን እዚያው ተከስሎ እዚያው ውድ ነው። ስለዚህ የምታበስለው በእንጨት ነው። አከራይዋ እማማ አበጁ ደግሞ አስም አለባቸው። ምድጃው የገባ ሰሞን ጭሱ ድራሹ ጠፋ፤ እማማ በስልክ መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። ድምጿ የሷ አይመስልም።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ ምድጃህ ከጉልቻው ብሶ ይጨሳል። እማማ ለሚካኤል ካልተስተካከለ ቤቱን ልቀቂልኝ ብለውኛል።»

እንጀራዋ ያለው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ከወጣች ደንበኞቿ ይበተናሉ፤ በዚያ ዋጋ በዚያ ሰፈር ሌላ ቤት አታገኝም። የላሜራ መቀሴን፣ መዶሻዬን፣ ፒንሳዬንና ጥቅል ሽቦ በከረጢት ከትቼ መናኸሪያ ሄድሁ።

መንገድ

ዘንድሮ መናኸሪያ የሚጠየቀው መጀመሪያ ዋጋ አይደለም፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ነው። ሰላም ነው ተባለና ሚኒባሱ ሞላ። ረዳቱ ከረጢቴን ሊያነሣ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው የያዘው?»

«ብረታ ብረት።»

«እንግዲያ እሱም እንደ ሰው ይከፍላል።»

ተከራክረን በግማሽ ሰው ሒሳብ ተስማማን። ከመራዊ ወዲያ ኑጉ መንገዱን ግራና ቀኝ ቢጫ አድርጎታል፤ ጤፉም መወየብ ጀምሯል። እኔ ግን ዓይኔ የነበረው ጎጆዎቹ ላይ ነው። በሣሩ ክዳን ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣውን የጠዋት ጭስ እያየሁ፣ ምድጃዬ ምን ሆኖ ይሆን እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ ዱርቤቴን አለፍን። አመዱ ረጥቦ ይሆን? ብየዳው ተሰንጥቆ ይሆን? ወይስ እህቴ አፉን በእንጨት ጠቅጥቃው?

ዳንግላ

ዳንግላ የወረድሁት መንትያውን ለማየት ነው። ወዳጄ ሙሉቀን አናጺ ነው፤ ባለቤቱ ከእንጨት ሥራ ቤቱ አጠገብ ሻይ ታፈላለች። ስደርስ ምድጃው እየነደደ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከሻይ ማንቆርቆሪያው በላይ የሚርገበገብ ሙቀት እንጂ ጭስ የሚባል ነገር የለም።

«ምንም ችግር የለውም?» አልሁት።

«ምን ችግር አለው? አንዳንዴ መንደዱንም እንረሳዋለን» አለ ሙሉቀን። የእህቴን ጉድ ስነግረው ሳቀ። «የሷን ሰይጣን ገብቶበት ይሆናል፤ ጠበል ውሰደው።»

አንድ እጅ፣ አንድ ላሜራ፣ አንድ ልክ፤ አንዱ እንደ ጨዋ ይነድዳል፣ ሌላው እህቴን ከቤት ሊያስወጣ ነው። ነገሩ ከሚያናድደኝ ይልቅ እያጓጓኝ ሄደ። ሙሉቀን የሚያነደው ከበርና ከአልጋ ሥራ የተረፈ ደረቅ ቁርጥራጭ መሆኑን አየሁና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ለመንሁት። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ፤ የዳንግላን ድንች የማያውቅ ሰው ድንች በላሁ አይበል። ከዚያ ብረቴንም እንጨቴንም ተሸክሜ ሁለተኛ ሚኒባስ ያዝሁ። የዚህኛው ረዳት አየኝና ምንም አልተናገረም፤ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

እንጅባራ

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ በየማሳው ተክለው የሚያከስሉት ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ እንደ አጥር ተደርድሮ ይታያል፤ መንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተከምሮ አይሱዙ ይጠብቃል። ብርዱም እዚያ ይጀምራል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ቆሰበር ስንገባ ቀስቅሱኝ» ብለው ተኙ፤ የእንጅባራ የድሮ ስሟ ነው፤ በሳቸው አፍ አሁንም እሱው ነው። ስንደርስ ካፊያ ይጥላል። ባሕር ዳር ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ እዚህ ገና አልጠገበም።

ባጃጁ እስከ ግቢው በር አደረሰኝ። እማማ አበጁ በረንዳቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጣህ ልጄ?» አሉና ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪለቃቸው ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። «ጠላቷ አይደለሁም፤ እንደ ልጄ ነው የማያት። ደረቴ ነው እምቢ ያለኝ። ሌሊቱን ተቀምጬ ነው የማነጋው።»

ሰው እንዲህ እየታገለ «ምድጃዬ እኮ ጥሩ ነው» አይባልም።

ማብሰያ ቤቱ ዓይን ያስለቅሳል። እህቴ ጨርቅ አፏ ላይ አስራ ምድጃውን በማራገቢያ ትታገለዋለች። እሳቱን አጥፍቼ ብየዳውን ፈተሽሁ፤ አልተሰነጠቀም። አመዱም ደረቅ ነው። የሙሉቀንን ቁርጥራጭ ከትቼ ለኮስሁት፤ ወዲያው ቀጥ ብሎ ነደደ፤ ጭሱ ጠፋ።

«አየሽ፣ እታለም? እንጨትሽ ነው!» አልሁ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ጥሩወርቅ ጨርቁን ከአፏ አወረደች። «እንጨቱን የምገዛው ከጋሼ ዘለቀ ነው። ስንት ዓመቴ! በጉልቻ ሳነደው ይጨሳል፣ ግን እንዲህ አያፍንም ነበር። ምድጃውን ስታመጣልኝም ያነደድሁት የሱን ነው፤ ያኔ ለምን አልጨሰም?»

እንጨቱ ያው፣ ምድጃው ያው፣ ሴትዮዋ ያችው። ታዲያ ምን ተለወጠ? በማግሥቱ ጋሼ ዘለቀን ልጠይቅ ወሰንሁ። ሚካኤል እየቀረበ ነው፤ ሌላ የምይዘው ፍንጭም አልነበረኝም።

ግምጃ ቤት

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ዶሮ የጫነ ይመስላል። ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ በፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ ጭቃውን በእግር። የጋሼ ዘለቀ ቤት የቀርከሃ አጥር ያለው፣ ሰፊ የሣር ቤት ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ቅር አለው።

«እንጨቴማ ያው ነው። ከዚያው ማሳ ቆርጬ፣ በዚያው መኪና ነው የምልክላት። እርጥብ ነው ካልኸኝ አዎ፣ እርጥብ ነው። በዚህ አገር በዚህ ወር ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ እናንተ ምን ታነዳላችሁ?»

«ያንኑ።»

ባለቤቱ አንጓች ከምድጃው ዳር ቂጣ ትጋግራለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን በአዊኛ ነው፤ ጋሼ ዘለቀ ይነግረኛል። እሳቱ ሲደክምባት ቀና ብላ እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ከእሳቱ በላይ ከቀርከሃ የተሠራ፣ በጥቀርሻ የጠቆረ ቆጥ አለ፤ በላዩ ፍልጥ ተደርድሯል። ከዚያ ላይ ጥቂት ስባ አወረደች፤ ወዲያው ከደጅ ያመጣችውን እርጥብ ፍልጥ በወሰደችው ልክ ሰቀለች። ሳታስበው ነው የምታደርገው፤ እኔ በር ስወጣ ቁልፌን እንደምዳስሰው።

ከቆጡ ያወረደችውን አንዱን ለመንኋት። ቀላል ነው። ሁለቱን አጋጨኋቸው፤ እንደ ደረቅ ሸክላ ጮኹ።

«የመጣ እንጨት እንዲሁ እሳት አይገባም። መጀመሪያ ቆጡ ላይ ተሰቅሎ ይሰነብታል» አለ ጋሼ ዘለቀ።

ትዝ አለኝ። እህቴም ማብሰያ ቤቷ ውስጥ፣ ከድሮው ጉልቻዋ በላይ፣ የሽቦ ቆጥ ነበራት። አሁንም አለ። አሁንም እንጨቷን እዚያው ትሰቅላለች፤ ግን ከሥሩ ያለው የእኔ ምድጃ ነው! ጎኑ በእጅ የሚነካ፣ ሙቀቱን ሁሉ ለድስቱ የሚሰጥ፣ ወደ ቆጡ ምንም የማይልክ ምድጃ። በመጀመሪያው ሰሞን ያልጨሰው ጉልቻው ያደረቀላት ክምር ስለነበረ ነው። እንጨት ቆጣቢ በመሆኑም ክምሩ ብዙ ሰነበተ፤ ጥፋቱ ተሸፍኖ ቆየ። ክምሩ ሲያልቅ እርጥቡ መጣ። የሙሉቀን ምድጃ ያልጨሰው ደግሞ አናጺ ቤት ስላለ ነው።

ብቻዬን ስስቅ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ነገሩን ስነግራቸው አንጓች ቂጣዋን እየገለበጠች አንድ ነገር ተናገረች።

«ስስታም ምድጃ ነው የሠራኸው ትላለች» አለኝ ባሏ።

አመሻሽ ላይ እንጅባራ ተመልሼ እጄን ወደ እህቴ የሽቦ ቆጥ ሰደድሁ። እንጨቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ይህን ያህል ሰንብቶ ሙቀት የሚባል ነገር አልደረሰውም።

ሣጥኑ

ሌሊቱን ስሠራው ያደርሁት በጭንቅላቴ ነው። አመዱን ባወጣው ጎኑ ይግላል፣ እንጨቱ ይደርቃል፣ ግን ምድጃው መልሶ እንጨት በላተኛ ይሆናል። አመዱን መንካት አያስፈልግም፤ የሚባክነውን መያዝ ይበቃል። በድስቱ ዙሪያ የሚያመልጥ ትኩስ አየር አለ፤ ዳንግላ ላይ ሲርገበገብ ያየሁት እሱ ነው።

ጠዋት አንድ ብየዳ ቤት አስፈቀድሁ። መብራት አልነበረም፤ እስኪመጣ ላሜራውን በመቀስ ቆርጬ ጨረስሁ። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ያለማቋረጥ በየድሁ። ድስቱን ዙሪያውን የሚከብ አንገት ሠራሁ፤ ከአንገቱ በስተኋላ ጠፍጣፋ ሣጥን ቀጠልሁ። ትኩሱ አየር በድስቱ ዙሪያ ዞሮ በሣጥኑ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ሣጥኑ ውስጥ ለቀጣዩ ወጥ የሚበቃ እንጨት ይደረደራል፤ ከዚያ አያልፍም። ግድግዳውን ተጠግቶ ስለሚቆም ከማብሰያ ቤቱ አንድ ስንዝር ብቻ ወሰደ።

የመጀመሪያውን ወጥ በሙሉቀን ቁርጥራጭ አበሰልን፤ ሣጥኑ ውስጥ የጋሼ ዘለቀን እርጥብ ፍልጥ ሞላን። እንጨቱ ያልበው፣ እርጥበቱም ይተንን ጀመር። እህቴ የሣጥኑን ክዳን በየመካከሉ ትከፍታለች።

«እንደ ድስት አትክፈችው፣ ይደርቃል» አልኋት።

«ቤቴ ነው እኮ» አለች።

ሚካኤል

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሌሊት የሣጥኑን እንጨት አወጣን፤ ቀሏል፤ ሲያጋጩት ድምፅ አለው። እህቴ ለኮሰችው። መጀመሪያ ትንሽ አንገራገረ። ከዚያ ነበልባሉ ክርኑን ዞሮ ቀጥ አለ። ጭስ የለም። እሱ ሲነድ የቀኑን እንጨት ሣጥኑ ውስጥ ከተትን።

ሲነጋ ግን ሌላ ጉድ ፈላ። ለካ ኅዳር የሚታጠንበት ዕለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጥራጊውንና የደረቀ ቅጠሉን በየደጁ ቆልሎ ለኮሰ። ከተማው ጭስ ለበሰ። እማማ አበጁ በረንዳቸው ላይ ሳል ጣላቸው፤ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ እዚያም የመስኮቱ መስታወት የተሰበረ ነውና ጭሱ ተከተላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። ግቢው መካከል ቆመው ግራ ቀኝ አዩ።

በቀጥታ የእህቴን ማብሰያ ቤት ከፍተው ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

እኔና ጥሩወርቅ ተያየን። እማማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው፣ ከሚነድደው ምድጃ አጠገብ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ድስቱ ውስጥ ሽሮው ይፈላል።

«እማማ፣ ስለ ቤቱ...» ብላ ጀመረች እህቴ።

«ስለየቱ ቤት? ይልቅ እዚህ ቁርሴን ስጭኝ፤ ጭሱ እስኪያልፍ ከዚህ አልወጣም» አሉ።

እህቴ ሽሮውን ለማውጣት ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ጭስ ስታለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ባሕር ዳር፣ መመለሻ

ቤቴ ስገባ ከረጢቴን እንኳ ሳላወርድ ወደ ብየዳ ቤቱ ጓሮ ዞርሁ። ምድጃዎቼን ሁሉ የምሞክርበት የማገዶ ክምር እዚያ ነው፤ ቆርቆሮ ለብሶ፣ በባሕር ዳር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ሲደርቅ የኖረ። ሥራዬን ሁሉ ያወደሰልኝ እሱ ነበር። ምድጃ ያለ እንጨቱ፣ እንጨቱም ያለ አገሩ እንደማይሞከር ይህ መንገድ አስተምሮኛል። ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀዳሁና ከላይ እስከ ታች አረሰረስሁት።

ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኋትና ሁለተኛውን ባልዲ ልቀዳ ሄድሁ።