ከግቢው የማይወጣ ጥድ

ጦርነቱ ወረዳችን ሀብሩ ሲገባ አባቴ በአፉ የሚስበው የአስም መድኃኒት አለቀበት። መርሳ ያሉት ፋርማሲዎች ተዘርፈው ባዶ መደርደሪያ ቀርቷቸዋል፤ የወልድያውም የደሴውም መንገድ ዝግ ነው። አባቴ ጋደም ካለ ይታፈናል። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ያድራል፤ እኔም አብሬው። «ያ አላህ፣ አንዴ ጀርባዬን ዘርግቼ ልተኛ» ይል ነበር። ሌላ ነገር አልለመነም። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አስተኛዋለሁ አልኩ።

ልጅ እያለ ደረቱ ሲዘጋ እናቱ የጥድ ቅጠል አፍልታ ታጥነው እንደነበር አጫወተኝ። ጥድ ከየት ይምጣ? መብራት ከጠፋ ወዲህ በየደጁ የነበረው ዛፍ ሁሉ ማገዶ ሆኗል። የቀረው ዳገቱ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥድ ብቻ ነው። ወጣሁ።

ቄሱን በር ላይ አገኘኋቸው። አባቴን ግራና ከተማ ገበያ ላይ ይገናኙ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። «አባ፣ እፍኝ የጥድ ቅጠል ስጡኝ» አልኳቸው።

«የታቦት ዛፍ ከግቢ አይወጣም ልጄ። ደግሞስ ለአንቺ ከሰጠሁ፣ ነገ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን በምን አፌ እመልሰዋለሁ?»

ንድድ አለኝ። ሰው እየታፈነ ስለ ቅጠል ይነግሩኛል። ግን እውነታቸውን ነው፤ በር ከተከፈተ ያ ጥድ ሳምንት አይቆይም።

«እሺ፣ ቅጠሉ ካልወጣ በሽተኛው ይግባ?»

«እሱንስ የከለከለ የለም» አሉ።

አባቴን ማሳመን ከዳገቱ ባሰ። «በዚህ ዕድሜዬ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መስጊድ በምን ፊቴ ልሄድ ነው?» አለኝ።

«መተንፈስ በቻለ ፊትህ» አልኩት። የጎረቤት አህያ ለምኜ፣ እያጉረመረመም ቢሆን ጫንኩት።

ስንደርስ ቄሱ ቅጠሉን ድስት ውስጥ ጨምረው እሳቱን ራሳቸው እያራገቡ ነበር። አባቴ ጋቢውን ከመከናነቡ በፊት ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ዛሬ ልታጠምቁኝ ነው?» አላቸው።

«አንተ መጀመሪያ ተንፍስ። እሱን ሲሻልህ እንነጋገርበታለን።»

ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት። «ቢስሚላህ» ብሎ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ አለ።

ፍቱን መድኃኒት ነው ብዬ አልምልም። ብቻ አስሎ አስሎ አክታው ወጣለት፤ የደረቱ ፉጨት ቀነሰ። ከዚያ ጥዱ ሥር ጋቢውን አነጠፈና በጀርባው ጋደም አለ። ሲታፈን ላነሳው እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። አልታፈነም። እንቅልፍ ወሰደው። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

የጸሎት ሰዓት ደረሰ። ቄሱ ወደ ደወሉ ሄደው ገመዱን ያዙ። ዞር ብለው የተኛውን አባቴን አዩት። ገመዱን ቀስ ብለው ለቀቁና ከግቢ ወጡ፤ ዳገቱ አፋፍ ላይ ቆመው ታች ያለውን ምእመን ነጠላቸውን እያውለበለቡ ጠሩ።