ለአንጓች ያልላክሁት ትምህርት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ «የቀረ አለ ልጄ?» ይሉኛል፤ «የለም አባቴ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። አለ እንጂ! አንጓች አለች።

እኔና አንጓች ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ የመስኖ ባለሙያዎች ነበርን፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ለሥልጠና ጃፓን የሚሄድ ይፈለጋል፣ ቋንቋውን ጥቂት የሞከረ ይቀድማል ተባለና ሁለታችንም ተመዘገብን። ያኔ በከተማችን ኢንተርኔት እንደ ልብ አልነበረም። ባሕር ዳር ለስብሰባ ስሄድ የጃፓንኛ ትምህርት በቪዲዮ አውርጄ መጣሁ፤ አንድ አንዱን በብሉቱዝ እልክላት ጀመር።

ሰላምታውን አብረን አጠናን። እሷ አንዴ ሰምታ ትይዛለች፤ የእኔ ምላስ ይተሳሰራል። «አንተ፣ ቆሎ እየቆረጠምህ ነው እንዴ የምታወራው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

አራተኛው ትምህርት ዕቃ ማመልከቻ ነው። እኛ «ይህ» እና «ያ» ብለን እንገላገላለን። እነሱ ሦስት አላቸው፦ እኔ ጋ ያለው «ኮሬ»፣ አንተ ጋ ያለው «ሶሬ»፣ ከሁለታችንም የራቀው «አሬ»። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቤቴን ዘግቼ ብርጭቆ እያነሣሁ፣ ወንበር እየጠቆምሁ፣ በመስኮት የጎረቤቴን ባሕር ዛፍ እያሳየሁ ለፈለፍሁ። በሦስተኛው ቀን ያዝሁት። በዚያው ቀን የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚል ደብዳቤ ቢሮ ደረሰ።

አንጓች በአንድ ሰዓት እንደምትይዘው ዐውቅ ነበር። ዐውቄ ነው ያደረግሁት። «አራተኛው ተበላሽቷል፣ አይከፈትም» ብዬ አምስተኛውን ላክሁላት። አመነችኝ።

ለፈተናው ባሕር ዳር ስንሄድ መኪናው መራዊ ላይ ቆመ። «ለመሆኑ ያ ያልተከፈተው ስለ ምን ነበር?» አለችኝ። ጊዜ ነበረኝ እኮ! ከዚያ ባሕር ዳር እስክንገባ ልነግራት እችል ነበር፤ ሦስት ቃል ናት። እኔ ግን «ስለ ቁጥር ነው፤ አታስቢ» አልኋት።

ፈታኙ ሽማግሌ ፊታቸው ያለውን መነጽር፣ እኛ ፊት ያለውን እስክሪብቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያመለከቱ ጠየቁ። እኔ መለስሁ። አንጓች ግን ዝም ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዐይኗ እንባ አቅርሮ «ጭንቅላቴ ደንዝዟል መሰለኝ፤ ስንት ለፍተህብኝ አሳፈርሁህ፤ ይቅርታ» አለችኝ። ይቅርታ! እኔን! እኔስ ምን አልሁ? «አይዞሽ» አልሁ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ሄድሁ፤ ሠልጥኜ መጣሁ፤ ደረጃ አደግሁ። እሷ ወደ አገሯ ወደ ቡሬ ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ ለአንድም ሥልጠና ተመዝግባ አታውቅም፤ «እኔ ለትምህርት አልሆንም» ትላለች አሉ። ዕድሏን ቀማሁ፤ እሱስ እሺ። ሞኝ ነኝ ብላ እንድትኖር ማድረጌንስ ምን ልበለው? ቀንቼ ነው ልበል? ወጣት ነበርሁ ልበል? አልልም።

ሰሞኑን ልጇ ማኅሌት ወደ ቢሮዬ መጣች። ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ተከራይታ የምትማር ኮረዳ ናት። ጃፓንኛ አስተምሩኝ አለች። ቀጥላም «ጋሼ፣ እማዬ ‹ጭንቅላቷ እንደ እኔ ቢሆን እንኳ አደራ እንዳትሰለቻት› ብላዎታለች» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ያወረድኋቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ ላክሁላት፤ አራተኛውንም። ነካ አደረገችው፤ ወዲያው ተከፈተ። «ቅዳሜ ቡሬ ስገባ ለእማዬም አሳያታለሁ» ብላ እየሮጠች ሄደች።

ልጅቱ ታሳያት ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ዳግመኛ ፈሪ መሆኔ ነው። ቅዳሜ እኔም ቡሬ እሄዳለሁ፤ ከቪዲዮው በፊት ከእኔ አፍ ትስማው። ይቅር በይኝ አልላትም። ብለምናት ይቅር ትለኛለች፤ ዐውቃታለሁ፤ ያ ደግሞ ለእኔ ዕረፍት እንጂ ለእሷ ምኗ ነው? አንጓች፣ ጭንቅላትሽ ደህና ነበር፣ ትምህርቱን የደበቅሁሽ እኔ ነኝ እላታለሁ። የፈለገችውን ትበለኝ።