ሌላ ሴት የሞከረችው የጡት ፓድ

ይህ የገጠመኝ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በጥቂት ወሩ ነው። 

በዚያን ሰሞን ወተቴ አልቆም አለኝ። ሕጻን ሲያለቅስ ከሰማሁ፣ የራሴ ባይሆን እንኳ፣ ደረቴ ይርሳል። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከወሊድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ልቆም ነው። ልብሳችን ስስ ውሃ ሰማያዊ ስለሆነ ጠብታ ውሃ ያጋልጣል። በጉባኤው ፊት ረጥቤ መታየቱን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የጡት ፓድ ሞክሬው አሳከከኝ፤ ስንቀሳቀስም ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ታጥቦ የሚደገመውን የጨርቅ ፓድ ፍለጋ ልጄን ለባለቤቴ ለዳንኤል ትቼ መገናኛ ሄድኩ።

አንድ ሕንጻ ውስጥ ካለች የሕጻናት ዕቃ መሸጫ ስገባ፣ አንዲት ሴት ሸሚዟን እያስተካከለች ከመጋረጃ ጀርባ ወጣች። ለሻጯ የሆነ ነገር አቀብላት ሄደች። ልብ አላልኩም።

“የቱርክ ነው የኔ ቆንጆ፣ በልብስ ላይ አይታይም። ግቢና ሞክሪው” አለችኝ ሻጯ፣ ከፕላስቲኩ እያወጣች። ጡት መያዣ ሞክረን መግዛት ለምደናል፤ አልገረመኝም።

ከመጋረጃው ጀርባ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀዘቀዘኝ። የኔ ወተት ሲወርድ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። አውጥቼ ሳየው መሃሉ ርሷል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። አሸተትኩት። ላብ የተቀላቀለበት የኮመጠጠ ወተት! ስንቷ ደረቷ ላይ አድርጋው እንደነበር እግዜር ይወቅ። ሊያስመልሰኝ ሲል አፌን ይዤ ወጣሁ።

“ይሄ እኮ እርጥብ ነው!”

“ውይ፣ ቅድም የወጣችው ሞክራው ነው። ይደርቃል።”

“የማጠባው ሕጻን አለኝ እኮ!”

“ወተት ቆሻሻ ነው እንዴ? አታካብጂ ባክሽ!”

ተቀበለችኝና ፕላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። ስቲከሩን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ለጠፈችና ቦታው ላይ ሰቀለችው። አዲስ መሰለ።

ወዲያው አንዲት ነፍሰ ጡር ከእናቷ ጋር ገባች። እናትየው ያንኑ ፓድ አነሱት።

“እማማ ይተዉት፣ ሰው የለበሰው ነው” አልኳቸው።

“ምቀኛ!” ብላ ሻጯ ጮኸችብኝ።

እናትየው ከፍተው አሸተቱት። “ኤጭ!” ብለው ጠረጴዛዋ ላይ ወረወሩላትና የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

ቤት ስደርስ ልጄ በረሃብ እሪ ይላል። ዳንኤል ሊያቀብለኝ ሲመጣ “እንዳታስጠጋው!” ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። እሱ ባለቀሰ ቁጥር ወተቴ ከአረፋው ጋር ይወርዳል። የማላውቃት ሴት ቁስል ይኑራት በሽታ ምን አውቄ! ፈርቼ ፈርቼ በመጨረሻ አጠባሁት። ከዚያ በኋላ አፉን እየከፈትኩ ምላሱን ሳይ ሰነበትኩ። ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልሆነም።

ያ ስቲከሩን የለጠፈ አውራ ጣት ግን እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ሱቅ ውስጥ የታሸገ ዕቃ ሳይቀር አሸትታለሁ። ሻጮች ያፈጡብኛል፤ ያፍጥጡ።

እሑድ ዕለት አሮጌ የጥጥ አንሶላ ቀድጄ፣ ቀቅዬና አጣጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከትቼ መድረክ ላይ ቆምኩ። በሁለተኛው መዝሙር ላይ የሆነ ሕጻን አለቀሰ። ልብሴ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ወጣ፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አዩት። መዝሙሬን አላቋረጥኩም። የራሴ ወተት ነው።