ለእማዬ ያፈላሁት እንጆሪ

እማዬ የሐኪም ሽሮፕ አትወድም ነበር። «ይኼማ ቀለም ነው፤ ለተማሪዎችሽ ስጪልኝ» ትለኝ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ከወንድሜ ጋር ትኖር ነበር። በበጋው አቧራ ሳል ሲይዛት ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠርሙስ መስኮት ላይ ትገትረውና እኔ የምልክላትን ትጠብቅ ነበር። እኔ መቲ አስተምራለሁ። መቲ ጫካ ነው፣ ዝናብ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለውን እንጆሪ ማንም አልተከለውም፣ ማንም አይከለክለውም። «እዚህ መጥተሽ ኑሪ፣ አየሩ ይስማማሻል» ብዬ ስንቴ ለመንኳት! እሷ እቴ! «የባሮን ወንዝ ሳላይ ውዬ አላድርም» ብላ ድርቅ።

ሽሮፑን ያስተማረችኝም እሷው ናት። እንጆሪው ጤዛው ሳይረግፍ አይለቀምም፤ ውሃ ከያዘ ይቀጥናል። ፀሐይ ሲነካው ተለቅሞ፣ ከተወቀጠ ዝንጅብልና ከአንድ እፍኝ የዳማከሴ ቅጠል ጋር ይፈላል። በነጠላ ጨርቅ ይጣራል፣ እንደገና እሳት ላይ ይጣዳል፣ በመጨረሻ ማር። ማሩን የማጃንግ ንብ አናቢዎች ከጫካ ያወርዱታል፤ ጥቁርና መራራ ቢጤ ነው፣ ለሳል ግን እሱን የሚያህል የለም።

መጀመሪያ የላክሁላት ጊዜ ጉድ ሠራኝ። መቲ ላይ መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ ምንም የማይሆነው ሽሮፕ፣ ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ፈላ። ደወለችልኝ። «አንቺ ልጅ፣ መድኃኒት ብለሽ ጠጅ ትልኪልኛለሽ? ቡሹ እኮ ጣራ ነክቶ ተመለሰ!» ደፋሽው ወይ ስላት፣ «ምን ሲደረግ! ወንድምሽና እኔ ጨረስነው። ሳሉን ባያሽረውም አስቆናል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከማንኪያ በግድ እስኪወርድ ድረስ አወፍረው ጀመር።

ባለፈው ዓመት ግን ሳሉ እንደ ሌላ ጊዜው አልሆነም። ወንድሜ «ሳንባዋ ነው ይላሉ» አለኝ። ድምፅዋ በስልክ ሲመጣ ቀጥኖ ቀጥኖ የእሷ አልመስል አለኝ። «ያሁኑን ሽሮፕ በሰው አትላኪው» አለችኝ። «ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ።» እማዬ ነይ ብላኝ አታውቅም። መንገዱ በቴፒ፣ በጎሬ ዞሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ስለሆነ፣ «ገንዘብሽንም ጉልበትሽንም አትጨርሺ» ነበር የምትለኝ። ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ቅዳሜ አፍልቼ እሑድ በመጀመሪያው መኪና ልሄድ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንጆሪዬን ለቅሜ ስመለስ ጎረቤቴ መጡ። ባለ ሱቅ ሙስሊም ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። «እማዬ እኮ ነይ አለችኝ! ምነው እትዬ፣ በገበያ ቀን ሱቁን ለማን ትተው?» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ባልየው አለ። ላግዝሽ ብዬ ነው» አሉና፣ «ስልክሽን እስቲ፣ ካርድ ጨርሼ ነው፣ ለልጄ ልደውል» ብለው ወሰዱት።

ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ጎረቤት ማር ይዛ መጣች። ቀጥላ ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። «ዛሬ ምን ተገኘ? ሰርግ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!» አልኳቸው። ደስ ብሎኛል፤ ነገ እማዬን ላያት ነው። ያንን ጣራ የነካ ቡሽ አወራሁላቸው፣ የእማዬን አነጋገር እያስመሰልኩ። ራሴው አውርቼ ራሴው ሳቅሁ። ባልደረባዬ ዝንጅብል እየወቀጠች ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ፣ «አንቺ፣ ሽንኩርት መሰለሽ እንዴ?» ብዬ አፌዝኩባት። እትዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን ድስቱን ባማሰሉ ቁጥር «አላህ ያሽርልሽ» ይሉ ነበር። ያን ቀን «አማስይ የኔ ልጅ፣ እንዳያርብሽ» ብቻ ነበር የሚሉት። ስልኬን ስጠይቃቸው ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ አሉኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬን ዘግቼ ጫማዬን ሳጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ባለ ባጃጁ መስሎኝ ከፈትኩ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ርዕሰ መምህሩም አሉ። እትዬ ከኋላ ናቸው።

አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ መቼም የሰው ልጅ...» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም። «መቼ?» አልኩ።

«ትናንት ጠዋት ዐረፈች። ከሰዓት በኋላ ተቀበረች።»

የመርዶን ደንብ አጥቼው አይደለም። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ የሰው ደጅ ቆሜ አውቃለሁ። በራስ ሲመጣ ግን ደንቡ የት ይታወቃል! ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለምን እንደነበር፣ ስልኬ ለምን እንደተወሰደ ያኔ ገባኝ። እትዬ ላይ ጮኽኩባቸው። «እናቴ አፈር ሲመለስባት እኔን ድስት ሲያስማስሉኝ ዋሉ? እርስዎ! እናቴ ነዎት ስል!»

አልተቆጡም። ቀስ ብለው መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ወንድምሽ ለባልየው ደውሎ ነገረን። እንኳን ለቀብር፣ ለማታም አትደርሺም አለ። እኔ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፣ ወላሂ። ስገባ እንጆሪውን ታቅፈሽ፣ ‹እማዬ እኮ ነይ አለችኝ› ብለሽ ትስቂያለሽ። አፌን ከፍቼ መለስኩት። ከዛሬ ወዲያ እማዬ ብላ እንዲህ አትስቅም አልኩ። አንዲት ቀን ልስረቅልሽ ብዬ ነው ልጄ።»

ደረታቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ብዙ ጊዜ ተቀይሜያቸው ቆየሁ፤ ሰላምታቸውን በግማሽ አፍ ነበር የምመልሰው። አሁን ቂሙ ወጥቶልኛል፣ ሐዘኑ ግን አልወጣልኝም። እናት ያለኝ ሆኜ የዋልኩበት የመጨረሻው ቀን የቱ ነው ብባል፣ ያ ቅዳሜ ነው እላለሁ። እሷ ግን ያን ቀን ገና በጠዋቱ ሄዳ ነበር።